1800 አር ከ1000 አር የበለጠ አይጎብጥም

ረከስ ያለ ከርቭድ (ስክሪኑ የጎበጠ) የጌም ሞኒተር ለሚፈልጉ ሰዎች ደጋግሞ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ። ሐሳቡ ባጭሩ «ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ስክሪኑ ይበልጥ ይጎብጣል፤ ስለዚህ 1000 አርን ትታችሁ 1800 አር ውሰዱ» የሚል ነው። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ይመስለኛል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

«አር» የክብ ሬዲየስ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 1800 አር ስክሪን 1.8 ሜትር ሬዲየስ ካለው ክብ ላይ እንደተቆረጠ ቁራጭ ነው። 1000 አር ደግሞ 1 ሜትር ሬዲየስ ካለው። ክቡ በሰፋ ቁጥር ጠርዙ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል። የምጣድንና የሲኒን ጠርዝ አስቡ፤ የቱ ነው ይበልጥ የሚጎብጠው?

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ክር ወጥሩ (ሱቅ ውስጥ ከሆነ ሻጩን አስፈቅዱ)። ከዚያ መሃል ላይ በክሩና በስክሪኑ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። በ27 ኢንች ሞኒተር ላይ 1800 አር 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣችኋል። 1000 አር ደግሞ 4.5 ገደማ።

በዚህ ስህተት የሚጎዳው ከበብ የሚያደርገው ስክሪን ተመኝቶ 1800 የገዛው ሰው ነው። ቤት ወስዶ ሲከፍተው ለጥ ያለ ይሆንበታል። እኔ በበኩሌ ጌምም ኤክሴልም ለሚሠራበት ሰው 1800ን እመርጣለሁ። የምመርጠው ግን ለጥ ስለሚል ነው።