ወግ አጥባቂነት ለውጥን መፍራት ብቻ አይደለም

ስለ ሊበራልነትና ወግ አጥባቂነት ባወጡት ጽሑፍ፣ ጸሐፊው ሊበራሉን የለውጥ ሰው፣ ወግ አጥባቂውን ለውጥ ፈሪ አድርገው ማቅረባቸው ቅር አሰኝቶኛል። የወግ አጥባቂነት አባት የሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያ ፖለቲከኛ ኤድመንድ በርክ እንኳ የፈረንሳይን አብዮት አጥብቆ ሲያወግዝ፣ አስቀድሞ የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎችን አቤቱታ ደግፎ ተከራክሯል። እዚህ ጅማ አባቴን ልጥቀስ። ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ አይድሩም፤ ለቡናው ጥላ የሆነችውን ዋንዛ ቅርንጫፏን እንኳ አያስነኩም። መሬት ይሸጥ ይለወጥ ሲባል ግን የገጠር መሬትን ከባለርስቶች ወስዶ የሕዝብ ያደረገውን የ1967ቱን አዋጅ ጠቅሰው ይቆጣሉ፤ የጭሰኝነትን ዘመን በዓይናቸው አይተዋልና። ያኔ አብዮት የነበረውን ዛሬ እንዳይነካ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ መሬት የግል ይሁን ባይ ነኝ። በእንግሊዝ ይህን አጥብቀው የሚይዙት ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው፤ በቤታችን ግን ለውጥ ፈላጊው እኔ ነኝ። እባክዎ ጸሐፊው፣ በሚቀጥለው ጽሑፍዎ የመሬትን ጉዳይ ያንሱልን።