«ጅብ መጣ!» ለሚሉ ወላጆች የቀረበ ምስጋና

ልጅ በማስተኛት ጥበብ እኛን የሚያህል የለም። ሌላው ዓለም መጽሐፍ ይገዛል፤ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያነባል። ምን አደከመው? የኛ ሰው ተረቱን ሁሉ በሁለት ቃል ጨርሶታል፦ «ጅብ መጣ!» ልጁ ብርድ ልብሱን ይከናነባል፣ እናት ወደ ተከታታይ ፊልሟ ትመለሳለች። ወጪ የለው፣ ድካም የለው።

ጅቡ ደግሞ ለሁሉም ይሆናል። እራት አልበላም ላለ ይመጣል። ስልክ አልሰጥም ላለም ይመጣል፤ እንዲያውም ስልኩን ራሱን ይዞ ይሄዳል። ጅብ እንዴት አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ድረስ እንደሚወጣ የጠየቀ ልጅ ካለ፣ እሱ ያላደገ ባለጌ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ማንበብ የቻልን ዕለት ነው። ያ ሁሉ ሌሊት ያንቀጠቀጠን ጌታ የተረት መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ሆዳም፣ ተላላ፣ ጦጣ እንዳሻት የምታሞኘው ምስኪን ሆኖ ቁጭ! እርግጥ አንድ ተረት አለ፤ እሱ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። አያ ጅቦ ከወንዙ ላይኛው በኩል እየጠጣ፣ ከታች ያለችውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። እሷም ገብቷታል፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው። መብላቱስ ይሁን፣ ሰበብ መፈለጉ ነው የሚያስፈራው። ወላጆቻችን ይህን ተረት የዘለሉት በጥበብ ነው። የሰማ ልጅ ትናንት ለምን እንደተቆነጠጠ ማሰብ ይጀምራላ!

የሐረር ሰዎችማ ጉድ ናቸው። የጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ትተውለታል። ማታ ማታ ሥጋ በእንጨት፣ ሲያሻቸውም በአፋቸው ይዘው ያጎርሱታል። ለአሹራ በዓል ገንፎ ሳይቀር ይቀርብለታል። ታዲያ ልጆቻቸው በምን ይተኙ?

እኛ ግን ሥራችንን እያዘመንን ነው። ጅቡ ሲሰለች «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» መጣ። «ፖሊሱ ይወስድሃል» ተጨመረ። ፍሬው ጤና ጣቢያ ይታያል። ነጭ ጋወን ያየ ልጅ ገና ከበሩ የእናቱን ነጠላ ይዞ ያቀልጠዋል። እናት በሰው ፊት ታፍራለች። «ይሄን ልጅ ማን እንዲህ አስፈራብኝ?» ትላለች ለነርሷ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፦ «ዝም በል፣ ጅቡ ይሰማሃል!»