ረቡዕ ና

እንኳን አደረሳችሁ! ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ዛሬ መስከረም 8 ነው። ግን አገሩ ሁሉ እየዘገየ እኔን ብቻ ምን ያስቸኩለኛል?

ከነሐሴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ካልተናገርኩት 2018ን በሰላም የምጀምረው አይመስለኝም።

በቡሄ ማግስት፣ ረቡዕ ነሐሴ 14፣ የልጄን ጨርቅ ይዤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ጨርቁ ነጭ የሽመና፣ ጥለቱ ቢጫ። ደረቱ ላይ ደግሞ የአደይ አበባ ጥልፍ ካልገባበት ብላ በእርሳስ ሥላ ሰጠቻቸው። ሰፊው ትልቅ ሰው ናቸው። ሥዕሉን አገላብጠው አዩና "ይቺማ ምን አላት፣ የአንድ ቀን ሥራ ናት" አሉ። ለኳት። ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ከዚያ "ረቡዕ ና" አሉኝ።

የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። "የትኛው ረቡዕ?" ብዬ አልጠየቅኩም።

ነሐሴ 21 ሄድኩ። "ቢጫው ክር አለቀ፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ መኪና አልገባም" አሉኝ። ይሄን መከራከር አይቻልም። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚህ ጊዜ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የገባ ነገር ተመስገን ነው የሚባለው፣ ክር ዘገየብኝ ብሎ የሚቆጣ የለም። እንዲያውም አዝኜላቸው ተመለስኩ።

ነሐሴ 28 ሄድኩ። ክሩ ገብቷል። አሁን ደግሞ "መብራት አስቸገረን" አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። የሰውየው ማሽን በእግር የሚረገጥ ነው!

ተመልሼ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ግን አንቱ እያሉ መጣላት እንዴት ከባድ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። አንተ የምትለውን ሰው "ዋሸኸኝ" ትለዋለህ፣ ይወጣልሃል። እኝህን ሰው ግን ምን ልበላቸው? ቢበዛ "አያ፣ እንዲያው ቁርጡን ቢነግሩኝ" ነው። ንዴቴ በሙሉ በአክብሮት ተጠቅልሎ ይወጣና እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ሰላምታ ይመስላል። እሳቸውም "ኧረ ምን ገዶኝ፣ ቁጭ በል፣ ቡና ይምጣልህ" ይላሉ። ቡናውን ጠጥቼ እሄዳለሁ።

ሦስተኛው ረቡዕ ጳጉሜ 5 ነው። ዋዜማው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ በምሥራቅ ጎጃም የዘመን መለወጫ ዋዜማ የሴት ልጆች ነው። ተሰብስበው መስክ ይወርዱና እየዘፈኑ እንግጫ ይነቅላሉ። እንግጫ ሣር ነው። ይጎነጉኑትና ከአደይ አበባ ጋር ጧት የቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። እና የልጄ ቀሚስ የሚፈለገው ለመስከረም 1 ብቻ አይደለም። ዋናው ለዚያች ቀን ነው። ይሄን ለሰውየው ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስቴም "እንዴታ!" ብለውኛል።

ስገባ ጨርቁ እንደተጣጠፈ ነው። መቀስ አልነካውም።

ግድግዳው ላይ በፌስታል የተንጠለጠለውን ሁሉ ቆጠርኩ። 32 ነው። ሁሉም የአንድ ቀን ሥራ ተብሎ የተንጠለጠለ። የኔን ሲቀበሉ ለዘመን መለወጫ የቀራቸው 21 ቀን ነበር። ይሄን ሒሳብ እሳቸው አጥተውት ነው?

ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ዘንድሮ ጳጉሜ አምስት ሆና ነው እንጂ፣ ስድስት ብትሆን ጨርሼልህ ነበር።"

በ2015 ጳጉሜ ስድስት ነበረች። ያኔ እዚሁ ሱሪ አሰፍቼ ነበር። የወሰድኩት በመስቀል ማግስት ነው።

ታዲያ ለምን ተመልሰህ ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። ስፌታቸው ያምራል። መከራዬ እሱ ነው። ሱሪውን እስከ ዛሬ ለብሼዋለሁ፣ አንድ ክር አልተመዘዘም።

እኔን የሚያንገበግበኝ መዘግየቱ አይደለም። ሰው ነው፣ ሥራ ይበዛበታል። ነሐሴ 14 ላይ "ወንድሜ፣ እጄ ሞልቷል፣ አልደርስልህም" ቢሉኝ አመስግኜ ወደ ሌላ እወስደው ነበር። ግን እኛ ዘንድ "አልችልም" ብሎ ሰውን ከበር መመለስ ነውር ነው። ሦስት ረቡዕ ማመላለስ ግን ነውር አይደለም። እሺታውን በነፃ ይሰጡሃል፣ ዋጋውን በእግርህ ትከፍላለህ።

ደግሞ እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት። ለመስከረም 1 ቅርጫ ገብተን ነበር። በሬው ከጧቱ 12 ሰዓት ይታረዳል ተባለ። እኔ ሞኙ በ11 ሰዓት ተኩል ሳፋዬን ይዤ ጭቃው ላይ ቆሜያለሁ። አራጁ ሲደወልለት "ደረስኩ፣ ደረስኩ" ይላል። ከጀርባው ልጅ ፊቱን ሲታጠብ የሚያለቅሰው ይሰማል። የማንን ፊት እያጠበ ነው የደረሰው? ሥጋውን የተካፈልነው 5 ሰዓት ላይ ነው። ዘንድሮ ሐሙስ ስለዋለ ጾም እንኳ አላገደውም። የሚመጣው ዓመት አርብ ነው የሚውለው። ያኔ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስላለው ምናልባት ይደርስ ይሆናል።

የስልኩን መልእክትማ ተዉት። ደብረ ማርቆስ ተቀምጠን ዘመነ ማርቆስ ስለገባልን ነው መሰለኝ፣ "ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ" የሚል አንድ ጽሑፍ ከአሥራ አንድ ሰው ደረሰኝ። ቃል በቃል አንድ ነው። መጨረሻው "እኔና ባለቤቴ" ይላል። ከላኩት አንዱ ወንደላጤ ጓደኛዬ ነው። ደውዬ እንኳን ለጋብቻህ አበቃህ አልኩት። አልገባውም።

ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ እያወራሁ ሳለ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችው። ምንም አልተናገረችም። ጓዳ ውስጥ ባልዲው ጠብ፣ ጠብ ይላል። አዎ፣ ቆርቆሮውን ለፋሲካ አስቀይራለሁ ብዬ ነበር። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ደግሞ ጣራ ሌላ ነው፣ በክረምት አይነካም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ዋዜማ ዕለት ልጄ የአምናውን ቀሚስ ለብሳ ሄደች። ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። እናቷ የታችኛውን እጥፋት ፈታ አስረዘመችላት። የድሮው እጥፋት መስመር ግን በካውያ አልለቅ አለ። በር ላይ ቆሜ ስትቀላቀላቸው አየኋት። አንዷ "ያንቺስ አዲሱ?" አለቻት። ልጄ ደረቷን ነፋ አድርጋ "ረቡዕ ይደርሳል" አለች። እንደሱ ዓይነት እምነት ያለው ሰው ዘንድሮ አላየሁም።

ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና እንግጫዋን ታቅፋ መጣች። ጧት ተነሥታ የምታስርበት ምሰሶ ፈለገች። ቤታችን ብሎኬት ነው፣ ምሰሶ የለውም። የመስኮቱ ብረት ላይ አሰረችው። አሁን ደርቋል፣ ግን ማንም አልፈታውም።

ትናንት መስከረም 7፣ ረቡዕ ነበር። ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለውጥ አለ። ጨርቁ ተቆርጧል! አንደኛው እጅጌ ተሰፍቷል። ጥልፉም ተጀምሯል፣ ሁለት የአደይ ቅጠል ወጥቶለታል፣ ሲያምር! ልቆጣ የመጣሁት ሰውዬ ቆሜ ጥልፉን አደንቃለሁ። ሰውየው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጅቱን ይዘሃት ና፣ እንደገና ልለካት። ክረምት ልጅ ያሳድጋል" አሉኝ።

እኔም "መቼ ላምጣት?" አልኳቸው። መጠየቄ ነው አሁን የሚያናድደኝ።