ሰንበቷ የታለ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ቤት ሠራተኛችን ልናገር ወደ ማድ ቤታችሁ ልገባ ነው። ደስ ባይላችሁም ስሙኝ።

አሥርቱ ትእዛዛትን በልጅነታችን ሸምድደናል። አትግደል፣ አትስረቅ፣ አታመንዝር... በእንቅልፍ ልባችን እንኳ እንላቸዋለን። መግቢያውን ግን ዘለልነው። እግዚአብሔር በሲና ሲናገር በትእዛዝ አልጀመረም። ከግብፅ ምድር፣ ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እኔ ነኝ ብሎ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ነፃ አወጣቸው፣ ሕጉን የሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። ተቀባዮቹም ጭቃ ሲረግጡና ጡብ ሲሠሩ የኖሩ፣ የጅራፉ ሰምበር ገና ያልጠፋላቸው ሰዎች ነበሩ።

እስቲ ዘዳግም ምዕራፍ 5ን ክፈቱና ሰንበት ለማን እንደታዘዘ እዩ። ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ይረፉ ይላል። በሬውና አህያው እንኳ አልተረሱም። ምክንያቱንም ያስከትላል፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ።

በሰንበት ጉዳይ እኛ የምንታማ ሕዝብ አይደለንም። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ብዙ ስደትና መገለል ችለዋል። በመጨረሻም በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ የደብረ ምጥማቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ይኸው ሁለት ሰንበት ያለው ሕዝብ ለቤት ሠራተኛው አንዱን እንኳ ነፈጋት!

እሑድ ጠዋት ቤታችሁን ተመልከቱ። እናንተ ነጭ በነጭ ለብሳችሁ ቅዳሴ ትሄዳላችሁ። ነጠላውን ያጠበችውም የተኮሰችውም እሷ ናት። ከቅዳሴ ስትመለሱ ወጡ ደርሷል፣ ቡናው ተቆልቷል፣ የልጆቹ ጫማ ተጠርጓል። "እኔም ልሳለም ልሂድ" ስትል ግን "እንግዳ ይመጣል፣ ሌላ ቀን ትሄጃለሽ" ትባላለች። ያ ሌላ ቀን መጥቶ አያውቅም።

ደሞዟስ? "እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ፣ ታባክኚዋለሽ" ይባላል። አደራ ይመስላል፣ አይደል? ዘዳግም 24 ግን ሌላ ነው የሚለው። የድሃውን ምንደኛ ደመወዝ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው፤ ነፍሱ እሱን ተስፋ ታደርጋለችና። ለእሷ ልቆጥብላት የሚል አንቀጽ እኔ አላየሁም። የተሰበረ ብርጭቆ ሂሳብ ከደሞዟ የሚቆርጡትንማ ተዉኝ።

የአገሩ ሕግም አያስጥላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል አገልግሎት የተቀጠሩትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ከሲና የወረደው ግን ስሟን ጠርቶ አስገብቷታል።

"እኛ በጸጋ እንጂ ከሕግ በታች አይደለንም" የምትሉም አትሩጡ። ይህን የጻፈው ጳውሎስ በዚያው በሮሜ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 13፣ ፍቅር ለባልንጀራው ክፉ ስለማያደርግ የሕግ ፍጻሜ ነው ይላል። ጸጋው እሷን እሑድ ከጓዳ ካላወጣት ለማን ነው የተሰጠው? ያዕቆብም ያልተከፈለ ደመወዝ ይጮኻል ብሏል፤ እሱ ደግሞ አዲስ ኪዳን ነው። ጾም በስንት ሰዓት ይፈታል ብለን ለምንከራከረው የጾም አዋቂዎች የማቴዎስ 23 ይበቃናል። ጌታ ከእንስላልና ከከሙን ሳይቀር አሥራት የሚያወጡትን የገሠጸው ፍርድንና ምሕረትን ስለተዉ ነው። አሥራቱን ተዉት አላለም፤ ያኛውን ሳትተዉ ይህን ማድረግ ነበረባችሁ ነው ያላቸው።

ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እህቶቻችን ቤሩትና ሪያድ ፓስፖርታቸው ሲቀማ፣ ደሞዛቸው ሲያዝ፣ ከቤት እንዳይወጡ በር ሲቆለፍባቸው እንጮኻለን። ልክ ነው፣ እንጩህ። ግን ከገጠር ያመጣናት ልጅ መታወቂያዋ የት ነው ያለው? የእናንተ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ መልሱላት። የተጠራቀመውንም ደሞዝ ቁጠሩና በእጇ ስጧት። የፊታችን እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፣ ካሻትም ትተኛ፤ ቡናውን እናንተ አፍሉት።