ሲድኒ በአብላጫ ድምፅ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጣና ዳር ባለች አንዲት ዓሣ ቤት ስድስት ሆነን እንሰበሰብና አጠቃላይ ዕውቀት እንጠያየቃለን። ደንቡ አጭር ነው፤ ስልክ መጎርጎር አይፈቀድም፣ የተሳሳተ ሰው የሁሉንም ሂሳብ ይከፍላል፣ ማን እንደተሳሳተ የሚወሰነው ደግሞ እጅ በማውጣት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ጥያቄ ብቻ፣ ሁለት ወንበር ካሰበረብን ወዲህ፣ በስምምነት ተሰርዟል።

ከመካከላችን በእርግጥ የሚያውቁት ጋሼ ናቸው፤ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ ሂሳቡንም ዘወትር የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። የአውስትራሊያ ዋና ከተማ በተጠየቀ ጊዜ አምስታችን በአንድ አፍ «ሲድኒ!» ስንል፣ እሳቸው ሲድኒና ሜልቦርን «እኔ ልሁን፣ እኔ ልሁን» ተባብለው አልስማማ በማለታቸው ካንቤራ የምትባል ሦስተኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 መቆርቆሯን በትዕግሥት አስረዱ። ሰማናቸው፣ አመሰገንናቸው፣ ከዚያም ድምፅ ሰጠን፤ ሲድኒ አምስት ለአንድ አሸነፈች።

ጣጣው የባሰው በበርበሬ ነው። ጋሼ በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል እንደሆነና ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእኛ ድስት ውስጥ እንዳልነበረ ሲናገሩ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አንዱ ወዳጃችን የአባቱ ርስት የተነካ ያህል እየተንቀጠቀጠ፣ ጣቱን ወደ ሐይቁ ቀስሮ፣ «እንግዲያው እዚያ ዳጋ እስጢፋኖስ ዐፅማቸው ያረፈው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዕድሜ ልካቸውን አልጫ ሲበሉ ኖሩ ነው የሚሉን?» ሲል ጠየቀ። ንጉሡ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በመሆኑ መልሱ «አዎን» ነበር፤ ይህን በአደባባይ የሚናገር አንጀት ግን ጋሼም አልነበራቸውም። የዓሣ ቤቷ ባለቤት «አዋዜዬን አሜሪካዊ ያለ ሰው ዓሣውን በሎሚ ብቻ ይብላ!» ብላ የአዋዜውን ሳህን ከፊታቸው አነሣች። ሎሚም ከእስያ የመጣ መሆኑን ያውቃሉ፤ እሱንም እንዳያጡ ዝም አሉ።

ስለ ኮከብ ሲሆን ሁሉም ሰው ሊቅ ነው። ባንክ ቤት የሚሠራው ጓደኛችን በፈረንጆቹ መንገድ፣ በተወለደበት ቀን ማለት ነው፣ ሸርጣን ነው፤ በአገራችን መንገድ የእሱና የእናቱ ስም ፊደላት ተቆጥረው በ12 ሲገደፉ ደግሞ አሰድ፣ አንበሳ ማለት ነው፣ ይወጣለታል። ስለዚህ አበዳሪ ሲመጣበት ሸርጣን፣ ሠርግ ሲጠራ አሰድ ይሆናል። ቬነስ በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመዞር 243 የምድር ቀናት፣ ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ቀናት ብቻ እንደሚፈጅባት ጋሼ ሲነግሩት፣ የደረጃ ዕድገቱ ለምን እንደዘገየ በዚያው ቅጽበት ተገለጠለት።

በአበበ ቢቂላ አንለያይም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ መድገሙ ግን ቅር ስላሰኘን፣ እንዲያወልቅ በድምፅ ብልጫ ወስነንበታል።

ባለፈው ወር የሩሲያው ባይካል 1,642 ሜትር ጥልቀት እንዳለው ተነሥቶ ስንደነቅ፣ ቆሎ የሚያዞር ልጅ ቆም ብሎ «የእኛስ ስንት ሜትር ነው?» አለን። ከልጅነታችን ጀምሮ እግራችንን የምንነክርበት ሐይቅ ነውና አላመነታንም፤ አንዱ 300 አለ፣ ሌላው ወለል የለውም አለ። ጋሼ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ መሆኑን ሲናገሩ፣ መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አስጋሪ ራሱን ነቀነቀላቸው፤ ነገር ግን የጠረጴዛው አባል ስላልሆነ ድምፁ አልተቆጠረም። ጣናን በማሳነስ የዚያን ማታ ሂሳብ ከነቆሎው ከፈሉ።

ትናንት ማታ ያው የአውስትራሊያ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ባለቤቷ ዞረው «አዋዜ ጨምሪልኝ፣ የአገራችንን» አሉ፣ ቀጥሎም ከሁላችን ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

«ሲድኒ!»