እርማት፦ የሎራ ፓልመር ገዳይ ታውቋል

እዚህ የሐዋሳ ተከታታይ ድራማ ወዳጆች፣ ሐይቅ ዳር ቡና ላይም ሆነ በአስተያየቶቻችን፣ ሎራ ፓልመር የተባለች ወጣት ግድያ ስለሚመረመርበት የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ስታወሩ፣ «ትዊን ፒክስ ገዳዩን ሳይናገር ተቋረጠ፤ አትድከሙ» ስትባባሉ አያለሁ። ምክሩ ከቅንነት ነው፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የገዳዩ ማንነት በሁለተኛው ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. በተላለፈው፣ በግልጽ ይታያል። ምርመራውም በዘጠነኛው ክፍል ይቋጫል።

ስህተቱ የመጣው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ፍጻሜ ይመስለኛል። መርማሪው የሆቴል ክፍሉን በር ሲከፍት በጥይት ይመታል፤ አለቀ! ይህ ልብ አንጠልጥሎ መተው የቤተሰብ ድራማዎችን ልማድ ሆን ብሎ ማጋነን ነው (ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው «ኢንቪቴሽን ቱ ላቭ» የተባለ የፈጠራ ድራማ በቴሌቪዥን ይከታተላሉ)። እዚያ ላይ ያቆመ ተመልካች መልሱ ሰባት ክፍል ሲቀረው ተነሣ ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ያንን ሰባተኛ ክፍል መክፈት ይበቃል። ስሙን የማልጽፈው ገና ላላያችሁት ስል ነው።