ሁለቱንም ማሰር ገለልተኝነት አይደለም

ለቤት ውስጥ ጥቃት ጥሪ የሚሰማሩ ፖሊሶች ሥልጠና ከሦስት ቀን ወደ ግማሽ ቀን የኦንላይን ትምህርት መውረዱ አልበቃ ብሎ፣ ውሳኔውን ያስረዱት ኃላፊ ሰሞኑን የተናገሩት ነገሩን አባሰው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም አሉን። ፖሊስ ደርሶ ማን ቀድሞ እንደመታ ይጠይቅ፣ ካልለየለት ሁለቱንም ይያዝ፣ የቀረውን ፍርድ ቤት ያጣራዋል፤ ለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ያስተምራል ነው ነገሩ።

ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ያስፈልግ ይሆናል። ሰው ለማነቅ ግን አንድ እጅም ይበቃል።

ከማነቅ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያልሠለጠነ ፖሊስ በአብዛኛው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንገቷ ከኋላ በክንድ የተቆለፈ ሴት እጇን ብታወናጭፍ የትም አትደርስም፤ የቀራት ጥርሷ ነው። የምትነክሰውም አፏ ሥር ያለውን፣ ማለትም ያነቃትን ክንድ ነው። ፊት ለፊት በሁለት እጅ የታነቀችው ደግሞ ጣቶቹን ለማላቀቅ የእጁን ጀርባ ትቧጭራለች፣ ከደረሰችበትም ፊቱን። ፖሊሱ በሩን አልፎ ሲገባ የሚያየው እንግዲህ ክንዱ የሚደማ፣ ጉንጩ የተጫረ ወንድና አንድም ምልክት የሌላት ሴት ነው። የኃላፊውን ቀመር ተከትሎ ማንን እንደሚያስር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ምልክት የሌላት ስላልታነቀች አይደለም። በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ 300 የማነቅ ጉዳዮች ሲመረመሩ፣ በግማሾቹ ላይ ፖሊስ ምንም የሚታይ ጉዳት አላየም፤ በሌላ 35 በመቶው ላይ የነበረውም ፎቶ ለማንሳት እንኳ የማይበቃ ነበር። ደም ወደ አንጎል የሚወስዱትን የአንገት ሥሮች ለመዝጋት ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጫና በቂ ነው፤ በ10 ሰከንድ ገደማም ራስን ያስታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቆዳው ሰንበር ላያወጣ ይችላል፤ ቢያወጣም ብዙ ጊዜ የሚታየው በማግሥቱ ነው። ስለዚህ የዚያ ሌሊት ፎቶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ እንደገና መነሳት አለበት። ይህን የምታደርጉ ፖሊሶች ስንት ናችሁ?

መፈለግ ያለበት ሌላ ነገር ነው። የጎረነነ ድምፅ። ምራቅ ሲዋጥ የሚሰማ ሕመም። በዓይን ነጩ ላይ፣ በዐይን ቆብ ውስጥና ከጆሮ ጀርባ የሚታዩ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች። ሳይታወቅ ያመለጠ ሽንት (ብዙዎቹ ከሀፍረት የተነሣ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ልብሳቸውን ስለሚቀይሩ፣ ካልተጠየቁ አይናገሩትም)። ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው የትዝታ መቆራረጥ ነው። አንጎሉ አየር ያጣ ሰው ታሪኩን ከመሐል ይጀምራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የነገረውን ይለውጣል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን «ቃሏ ይዘበራረቃል፣ የጠጣች ትመስላለች» የሚል ነው። አጠገቧ ያለው ሰውዬ በተረጋጋ ድምፅ፣ በቅደም ተከተል፣ ክንዱን እያሳየ ያስረዳል። ቀድሞ ስልክ የደወለውም እሱ ሊሆን ይችላል። የዐይን ቆብ ገልጦ በባትሪ ማየትን፣ የክንድ ንክሻ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ማንበብን በኦንላይን ጥያቄና መልስ የሚማር ሰው ካለ ያሳዩኝ። ይህ የሚለመደው ሐኪም ባለበት፣ በተግባር፣ እየተሳሳቱ እየታረሙ ነው።

ማን ቀድሞ መታ የሚለው ጥያቄማ ከሁሉም የከፋው ነው። የሚለካው የዚያችን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጥቃት የደረሰባት ሴት ስትጠየቅ አትደብቅም፤ «አዎ፣ በጠርሙስ መትቼዋለሁ» ትላለች። ጉልበቱ የማይመጥን ሰው ዕቃ ያነሳል፤ ዕቃ መነሳቱ የአጥቂነት ምልክት ተደርጎ ሲጻፍ ግን እናያለን። መልመድ ያለበት አጠያየቅ ሌላ ነው። ሁለቱ በማይተያዩበትና አንዱ የሌላውን ድምፅ በማይሰማበት ቦታ ይለያዩ። ልጅ ወይም ዘመድ አስተርጓሚ አይሁን። መጀመሪያ «ከዚያ በፊትስ ምን ሆነ?» ይባል፣ ወደ ኋላ ወደ ሳምንቱና ወደ ወሩ ይኬድ። ስልኩንና ገንዘቡን የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ ይጣራ። በመጨረሻም «እኛ ስንሄድ ምን ይፈጠራል ብለው ይሰጋሉ?» ይጠየቅ። ለዚህ ጥያቄ የሁለቱ መልስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ከቁስሉ በላይ ይለያል። የቆየ መዝገብም ይታይ፣ ግን በጥንቃቄ፤ ያለፈው ጊዜም የተያዘችው በስህተት ሊሆን ይችላልና።

ሁለቱን ይዞ ለፍርድ ቤት መተው አዲስ ግኝት አይደለም፤ ተሞክሮ ወድቋል። የአሜሪካዋ ዋሺንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1984 ፖሊስ በቤት ውስጥ ጥቃት ማሰር ግዴታው ነው ብላ ደነገገች፤ ተጠቂዎች አብረው መታሰር ሲጀምሩ በዓመቱ ሕጉን አሻሽላ ዋነኛውን አጥቂ ለዩ አለች። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ የክዊንስላንድ ግዛት የቤት ውስጥ ጥቃት ሞት ገምጋሚ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ሞታቸው ከተገመገመ ሴቶች 44.4 በመቶው ከዚያ በፊት ቢያንስ አንዴ የጥበቃ ትዕዛዝ (አጥቂ የተባለውን ሰው የሚያግድ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ) የተጠየቀባቸው፣ ማለትም በመዝገብ አጥቂ ተብለው የሰፈሩ ነበሩ። ፍርድ ቤት ያጣራዋል? አንዴ የታሰረች ሴት ሁለተኛ ስልክ አታነሳም። ልጆቿ ዘንድ ቶሎ ለመመለስ ያላደረገችውን አምና ትፈርማለች። ሰውየው በበኩሉ በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ መደወል እንዳለበት ተምሮ ይወጣል።

ሥልጠናው ወንድን አስቀድሞ ይፈርድበታል የሚሉም አልጠፉም። ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ጾታ የሚጠይቀው የቱ ነው? ሚስቱ የምታስፈራራውና የምታሠቃየው ወንድ ራሱን ሲከላከል ቢይዙት የሚያወጣው ይኸው ምርመራ ነው፤ «ሁለቱንም ያዝ» ግን እሱንም አብሮ ያስራል።

ተረኛ ፖሊስ በሌሊት ጊዜ የለውም የሚለውን እቀበላለሁ። ለዚህ መልሱ ሥልጠና መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም። ሦስቱ ቀን ይመለስ፤ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች፣ አስተርጓሚዎችና የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞችም አብረው ይቀመጡበት፤ ፖሊስ የጻፈውን ስህተት እንዳለ እየቀዱ የሚያጸኑት እነሱ ናቸውና። ሁለት ሰው የታሰረበት ጉዳይ ሁሉ ደግሞ ተረኛው ከመውጣቱ በፊት በአለቃ ይታይ፤ ለእያንዳንዱ እስር ለብቻው ምክንያት ይጻፍ። ስህተት ሲገኝም የሚታረመው ጣቢያው ያለው ቅጂ ብቻ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ሕፃናት ጉዳይ የተላከው ሁሉ ይሁን፤ ማረሚያውን የሚልከውም የጻፈው መሥሪያ ቤት እንጂ በስህተት የታሰረችው ሴት በየቢሮው እየዞረች አይደለም።